የስም አደራ

እስቲ አንድ እንቆቅልሽ ልጠይቃችሁ። አንድ ሰው እህሉን አደባባይ አውጥቶ፣ «የፈለገ ይውሰድ፤ ይዝራው፣ ይፍጨው፣ ከሌላ እህል ጋር ይደባልቀው፣ ቢሻውም ገበያ ወስዶ ይሽጠው፤ ሳንቲም አልጠይቅም» ቢል ደግ ሰው እንለዋለን። ይኸው ደግ ሰው ዞር ብሎ፣ «አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ጆንያው ላይ የተጻፈውን ስሜን እንዳትወስዱብኝ» ቢልስ? እህሉን ሳይሰስት የሰጠ ሰው በአንዲት ቃል የሚሰስተው ለምንድን ነው? ትዕቢት ይዞት ነው? ወይስ እኛ ያላየነውን አይቶ?

እንቆቅልሹን ያመጣሁት ከተረት ዓለም አይደለም፤ ከኮምፒውተር ሰፈር ነው። ኮምፒውተራችን ሲከፈት ቀድሞ ነቅቶ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያስተናግደው አገልጋይ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይባላል። ብዙዎቻችን የምናውቀው የማይክሮሶፍትን ዊንዶውስ ነው። ዊንዶውስ ባለቤት አለው፤ የተጻፈበት ኮድም እንደ ቤተሰብ ገመና የተሸፈነ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ «እኛ ገመና የለንም፤ ገብታችሁ እዩ» የሚሉ አሉ። ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1991 የጀመረው ሊኑክስ የዚህኛው ወገን ዋርካ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ማንም ያነበዋል፣ ማንም ያሻሽለዋል፣ ማንም ያባዛዋል። አሠራሩ ኦፕን ሶርስ ይባላል፤ ምንጩ ክፍት የሆነ እንደማለት ነው።

ከሊኑክስ ብዙ ልጆች ተወልደዋል። አንዱ ቡድን ይህን ጨምሮ፣ ሌላው ያንን ቀንሶ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ስም ያወጣዋል። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ከልጆቹ አንዱን ነው፤ ኡቡንቱን። ማርክ ሻትልወርዝ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። የኢንተርኔት ደኅንነት ኩባንያውን በ1999 ለአሜሪካው ቬሪሳይን ሸጦ ገና በወጣትነቱ ባለጸጋ ሆነ፤ በ2002 ከኪሱ ከፍሎ ጠፈር ደርሶ ተመለሰ። በ2004 ደግሞ ካኖኒካል የሚባል ኩባንያ አቋቁሞ፣ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የመጀመሪያውን ኡቡንቱ ለዓለም በነጻ አደለ።

«ኡቡንቱ» በዙሉና በኮሳ ቋንቋዎች የሚነገር ቃል ነው። ሰው መሆን፣ ሰብአዊነት ማለት ነው፤ ግን ለብቻ የሚሆኑት ነገር አይደለም። ሰው ሰው የሚሆነው በሌሎች ሰዎች ነው የሚል ሐሳብ አዝሏል። የኛ ሰው «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» ከሚለው ብዙም አይርቅም። አርማውም ስሙን ተከትሎ ተሣለ፤ ሦስት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሠርተው ሲቆሙ ከላይ ሆነን የምናያቸው ይመስላል። «የወዳጆች ክበብ» አሉት። ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ቀለም ሰጡት። መፈክሩ ደግሞ «ሊኑክስ ለሰው ልጆች» የሚል ነበር።

በዚያን ጊዜ የኮምፒውተር ፊት በአብዛኛው ሰማያዊና ግራጫ ነው። ኡቡንቱ ቡናማ ሆኖ መጣ። የአፈር፣ የእንጨት፣ የቆዳ ቀለም። «ይሄ ምን የጭቃ ቀለም ነው?» ብሎ ያፌዘ አልጠፋም። ቀለሙ ግን የሚናገረው ነገር ነበረው፤ እኔ የማሽን ወገን አይደለሁም፣ የሰው ወገን ነኝ ይል ነበር። ሰብአዊነትን በሥዕል መናገር ቀላል አለመሆኑም ያኔውኑ ታየ። በመጀመሪያዎቹ ወራት በየወሩ የሚለዋወጥ የዴስክቶፕ ፎቶግራፍ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ከፊል ገላቸው የተራቆተ ወጣቶች የተነሡበት። ለአንዱ አገር ሰው ይህ የሰውን ልጅ ውበት ይናገራል። ለሌላው ደግሞ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ልጆች ፊት፣ የማይከፈት ነገር ነው። ቅሬታው በዛ፤ ነገሩም ቀረ። «የሰው ልጅ ሁሉ» የሚል ስም የያዘ ሰው የመጀመሪያ ፈተናው ይህ ነው፤ የሰው ልጅ ሁሉ አንድ ዓይን የለውም።

ከ2005 እስከ 2011 ድረስ ካኖኒካል ኡቡንቱን በሲዲ አድርጎ ለጠየቀው ሁሉ በፖስታ በነጻ ይልክ ነበር። በማስተምርበት ዘመን አንድ ተማሪዬ ይህንኑ ሲዲ ይዞ ቢሮዬ መጣ።

«መምህር፣ ከውጭ ተላከልኝ። ምንም አልከፈልኩም።»

«የስለት ነው እንዴ?» አልኩት።

ሳቀና አንዱን ሰጠኝ። ሽፋኑን አገላብጠን አየነው። እኔ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝ፤ ሲዲው ውስጥ ያለውን ኮድ ማንበብ አልችልም። እሱም የታሪክ ተማሪ ነበርና አይችልም። ያነበብነው ሽፋኑን ነው፤ ስሙን፣ ክበቡን፣ ቀለሙን። አምነን ኮምፒውተር ላይ የጫንነውም በዚያው ባነበብነው ሽፋን ነው።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። «ምንጩ ክፍት ነው፤ ሁሉም ማንበብ ይችላል» ሲባል እውነት ነው፤ መብቱ የሁሉም ነው። ማንበቡ ግን የጥቂቶች ነው። የቀረነው ፊቱን አይተን የምናምን ነን። ሐኪም ያዘዘልንን መድኃኒት በላቦራቶሪ መርምረን አንውጥም፤ ብልቃጡ ላይ ያለውን ስም አንብበን እንውጣለን። ስለዚህ ስሙና አርማው ጌጥ ብቻ አይደሉም። ማንበብ ለማይችለው ሰው የተሰጡ ቃል ናቸው። «ውስጡን ባታየውም እኔ አይቼዋለሁ፤ በስሜ ቆሜያለሁ» የሚል ቃል።

አሁን ወደ ጆንያው እንመለስ። የኡቡንቱን ኮድ መቅዳት፣ መለወጥ፣ ማባዛት በየክፍሉ ፈቃድ መሠረት የተፈቀደ ነው። «ኡቡንቱ» የሚለው ስምና የወዳጆች ክበብ ግን የካኖኒካል የንግድ ምልክት ሆነው ተመዝግበዋል። ለውጠህ ልታከፋፍል ከፈለግህ አከፋፍል፤ በኛ ስም ግን አይሆንም ነው ነገሩ። ይህ ስስት ነው ብለን ከመፍረዳችን በፊት ስም ጠባቂ ሲያጣ ምን እንደሚሆን እንይ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ «ሊኑክስ» የሚለውን ስም የሊኑክስን ሥራ ያልሠራ አንድ አሜሪካዊ በራሱ የንግድ ምልክትነት አስመዘገበው። ቀጥሎም በስሙ ለሚጠቀሙ ድርጅቶች የክፍያ ጥያቄ ይልክ ጀመር። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በነጻ የደከሙበትን ነገር አንድ ሰው በስሙ በኩል ገብቶ ሊያስገብርበት! ነገሩ ክስ አስነሥቶ በ1997 በስምምነት አለቀና ምልክቱ ለቶርቫልድስ ተላለፈ። ስሙን የሚጠብቅ ሰው ባይገኝ ኖሮ እህሉ ነጻ ሆኖ ጆንያው ቀረጥ ያስከፍል ነበር።

ሌላም ልጨምር። በየካቲት 2016 ሊኑክስ ሚንት የሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ድረ ገጽ በሰርጎ ገቦች ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ ስሙንም አርማውንም አልነኩም። ያደረጉት ነገር፣ «ከዚህ አውርዱ» የሚለውን መስመር ለጆሮ ጠቢ በር ወደ ተከፈተበት ቅጂ ማዞር ነው። በዚያ ቀን ያወረደ ሰው ያየው የሚያውቀውን ስም፣ የሚያውቀውን አረንጓዴ ቀለም ነው። የሚንት ሰዎች ነገሩን ወዲያው ይፋ አድርገው ድረ ገጻቸውን ዘጉ። ሌባ የሚፈልገው ስም የታመነን ስም ነው። ማንም የማያምነውን ስም ማን ይሰርቃል?

ይህ ሐሳብ ለኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። የብራና መጻሕፍትን ያገላበጠ ያውቀዋል። ጸሐፊው መጽሐፉን ለመቅዳት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ እንዲያውም መቅዳት በረከት ነው፣ መጽሐፍ የሚበዛውም በዚህ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ግን የጻፈው እገሌ፣ ያጻፈው እገሌ ብሎ በጸሎት እንዲታሰቡ ይማጸናል። ከዚያም መጽሐፉን የሰረቀና የፋቀ በሐዋርያት ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ያስጠነቅቃል። ልብ በሉ፤ የቀዳ አላለም። የፋቀ ነው ያለው። ግዝቱ ባለበትም ቢሆን የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ስም የተተካበት ብራና ጥቂት አይደለም። አበው መቅዳትንና መፋቅን ለይተው ያውቁ ነበር። መቅዳት ለአንባቢ መጨመር ነው፤ መፋቅ ለአንባቢ መዋሸት ነው።

ከብራናው ወደ ቡናው ብንመጣ ደግሞ፣ ኢትዮጵያ በ2005 ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት ተቃውሞ ገጥሟት ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመ። እኛ ያኔ ምን ነበር ያልነው? ሌላ አገር ቡና አይትከል አላልንም። የቡና ዘር ዓለምን ከዞረ ዘመን የለውም። ያልነው፣ ይርጋ ጨፌ ተብሎ የሚሸጠው ከይርጋ ጨፌ ገበሬ ማሳ የመጣው ይሁን ነው። ስሙን መንግሥት ቢያስመዘግበውም ስሙን ያስከበረው ማሳው ላይ የዋለው ገበሬ ነው። አስመዝጋቢው ባለአደራ ነው። ስሙ ባመጣው ገንዘብ ገበሬው ካልተጠቀመ ምዝገባው ሕጋዊ እንደሆነ ይቀራል፤ ትክክል ግን አይሆንም።

ባለቤትና ባለአደራ የምንለው ልዩነት ይህ ነው። ባለቤት በሀብቱ የፈለገውን ያደርጋል፤ ቢሻው ያቃጥለዋል። ባለአደራ የያዘውን ነገር ማንም እንዳይነካበት መከላከል ይችላል፤ ግን የሚከላከለው ለራሱ አይደለም። «አደራ በላ» የሚባለው ስድብ ከ«ሌባ» የሚከብደው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌባ የማናምነው ሰው ነው የወሰደብን። አደራ በላ ግን አምነን በሰጠነው እጅ ነው የወሰደብን።

ስምን መጠበቅ ወዳጅንም የሚያስቀይምበት ጊዜ አለ። ዴቢያን የሚባል ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አለ፤ ኡቡንቱ ራሱ የተሠራው በዴቢያን ላይ ነው። ዴቢያን ፋየርፎክስን ለተጠቃሚዎቹ ያድል ነበር። ችግሩ አርማው ላይ መጣ፤ የቀበሮዋ ሥዕል እንደ ኮዱ ነጻ ፈቃድ አልነበራትምና የዴቢያን ሕግ አልቀበልም አላት። በ2006 የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ፣ ስሙን የምትጠቀሙ ከሆነ አርማውንም ተጠቀሙ፤ በኮዱ ላይ የምታደርጉትንም ለውጥ አስቀድማችሁ አሳዩን አለ። ዴቢያኖች እምቢ አሉ። ምን አደረጉ? ስሙንና ሥዕሉን ትተው ኮዱን ይዘው ሄዱ። «አይስዊዝል» የሚል አዲስ ስም አወጡለት። አሥር ዓመት በዚያ ስም ኖሮ በ2016 ታርቀው ወደ ፋየርፎክስ ተመለሱ።

ማን ነበር ትክክል? ለእኔ ሁለቱም። ሞዚላ፣ ያላየሁትን ነገር በስሜ አትስጡ ማለቱ ቃሉን ማክበሩ ነው። ዴቢያን፣ በፈቃድ የታሰረ ነጻነት አልቀበልም ማለቱ የራሱን ቃል ማክበሩ ነው። ጠቡ እንደ ብዙ ጠባችን ያላበላሸውም መውጫ በር ስለነበረ ነው። ስሙን ትቶ እህሉን ይዞ መሄድ ይቻል ነበር። ሊኑክስ ሚንትም በ2006 ከኡቡንቱ ተነሥቶ በራሱ ስምና ቀለም የቆመው በዚሁ በር ወጥቶ ነው። ስም መጠበቅን ከአምባገነንነት የሚለየው ይህ በር ነው። የማይስማማው ሰው ከእነሥራው መውጣት ከቻለ፣ ጠባቂው ስሙን ቢያጠብቅ አይከፋኝም።

እስካሁን ለጆንያው ባለቤት ነው የተሟገትኩት። አሁን ደግሞ በተራው እሱን ልጠይቀው።

በ2010 ኡቡንቱ መልኩን ለወጠ። ቡናማው ሄዶ ብርቱካናማና ወይን ጠጅ መጣ። ለንደን ያለ የፊደል ቅርጽ ቀራጭ ድርጅት አዲስ ፎንት ሠራለት። ከዚህም ሌላ መስኮት መዝጊያዋና ማሳነሻዋ ከቀኝ ወደ ግራ ተዛወሩ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። እጁ የለመደውን በር አንድ ማለዳ ያጣ ሰው ግን ትንሽ አይለውም። ተቃውሞ ሲበዛ ሻትልወርዝ፣ ይህ ዴሞክራሲ አይደለም፣ አስተያየትና መረጃ እንቀበላለን፣ በዲዛይን ላይ ግን ድምፅ አንሰጥም የሚል መልስ ሰጠ። ብዙ ሰው ተቆጣ። ስሙ «እኛ» እያለ ውሳኔው «እኔ» ይላል ብሎ።

እዚህ ላይ ከተቆጪዎቹ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ልብ ወለድ በድምፅ ብልጫ አይጻፍም። ሃምሳ ሰው ተስማምቶ የሣለው ሥዕል ማንንም የማያስከፋ፣ ማንንም የማያስደስት ነገር ነው። የጣዕም ጉዳይ ላይ አንድ ሰው ቢወስን ሰብአዊነት አይጓደልም። መዝጊያዋም ከሰባት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በ2017 መጨረሻ፣ ወደ ቀኝ ተመልሳለች።

የመተማመን ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በጥቅምት 2012 የወጣው ኡቡንቱ ላይ ሰው የራሱን ፋይል ለመፈለግ ቃል ሲጽፍ፣ ያ ቃል በኢንተርኔት ወጥቶ በካኖኒካል በኩል ከአማዞን የሚሸጡ ዕቃዎችን ይዞ ይመለስ ጀመር። ተጠቃሚው ሳይጠየቅ፣ ተከፍቶ የመጣ ነበር። የነጻ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ መሪ የሆነው ሪቻርድ ስቶልማን ሰላይ ሶፍትዌር ነው ብሎ አወገዘው። ቤትህ ገብተህ «የእናቴ ደብዳቤ የት ነበር?» ብለህ ለራስህ ስታጉረመርም፣ ከደጅ አንዱ ሰምቶ «ፖስታ የሚገዛ?» ብሎ ቢጮህ ምን ይሰማሃል? እንደዚያ ነው። ነገሩ ተጠቃሚው ራሱ ካልከፈተው በቀር እንዲጠፋ የተደረገው በ2016 ነው።

በዚህ መሐል በ2013 አንድ የግል ምሥጢር ተሟጋች ይህን ነገር እንዴት መዝጋት እንደሚቻል የሚያሳይ ድረ ገጽ ከፈተ። በስሙ ውስጥ ኡቡንቱ የሚል ቃል ነበረበት፤ አርማውንም ለጥፎ ነበር። ከካኖኒካል ደብዳቤ ደረሰው፤ የንግድ ምልክታችን ነውና ስሙንም አርማውንም አንሣ የሚል። ሰብአዊነት የሚል ስም ወቃሽን ለማስፈራራት በትር ሆነ! ነገሩ አደባባይ ሲወጣ ሻትልወርዝ ራሱ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታውን አልንቅበትም፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ባለሀብት እንደ ልብ አይገኝም። ግን ደብዳቤው ያስተማረን ነገር ከይቅርታው ጋር ሊረሳ አይገባም።

ስም ጠባቂ ሁለት ጊዜ ይፈተናል። አንዴ አስመሳይ ሲመጣበት፣ አንዴ ወቃሽ ሲመጣበት። ሁለቱም ስሙን ይጠራሉ። ሕግ ብቻ የሚያይ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያል፤ ያለ ፈቃድ ስሜን ጠሩ ይላል። የሚጠሩበት ምክንያት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አስመሳዩ ስሙን የሚጠራው ሰው እንዲሳሳት ነው። ወቃሹ የሚጠራው ሰው እንዳይሳሳት ነው። አስመሳይን መከላከል አደራ መጠበቅ ነው፤ ወቃሽን በዚያው ዱላ መምታት አደራ መብላት ነው።

ደግሞስ «ኡቡንቱ» የማን ቃል ነው? ከኩባንያው በፊት የነበረ፣ በየመንደሩ አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ሲመክሩበት የኖረ ቃል ነው። በ1993 የወጣው የደቡብ አፍሪካ ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ከአፓርታይድ ጠባሳ ለመዳን ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ ይህ ኡቡንቱ መሆኑን በመዝጊያው ላይ ጽፎታል። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱም ለዓለም ሲሰብኩት ኖረዋል። እንዲህ ያለ ቃል በሶፍትዌር መደብ ተመዝግቦ ከጎኑ የምልክት ማኅተም ሲያርፍበት ሕጉ አይከለክልም። የዙሉ አያትም ቃሏን እንዳትናገር የከለከላት የለም። ቢሆንም ነገሩን ወደ ራሳችን አምጥተን እንየው። አንድ ኩባንያ ነገ ተነሥቶ «እድር» የሚባል ሶፍትዌር ቢያወጣ፣ አርማውም ድንኳን ቢሆን፣ እናቶቻችን ስለ ንግድ ምልክት ሕግ አይጠይቁትም። የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ «ለቅሶ ትደርሳለህ ወይ?» እድር ተብሎ ለቅሶ የማይደርስ ነገር በእነሱ ዘንድ ስሙ ሌላ ነው።

ትልቅ ስም የሚያወጣ ሰው የሚገባበት ዕዳ ይህ ነው። ለ2010ሩ ኡቡንቱ የተሠራው ፎንት ሲወጣ የላቲን፣ የግሪክና የሲሪሊክ ፊደላትን ይዞ ነበር። የኛን ፊደል አልያዘም። አፍሪካዊ ስም ባለው ኮምፒውተር ላይ አማርኛ የጻፈ ሰው የሚያየው ፊደል ከሌላ ፎንት የመጣ ነው። ይህን የምለው ለወቀሳ ብቻ አይደለም፤ ከሦስት መቶ የማያንስ ቅርጽ መቅረጽ ቀልድ አይደለምና። ግን ክበቡ ውስጥ ያሉት ወዳጆች እነማን እንደሆኑ ሥራው ከአርማው ይልቅ በትክክል ይናገራል። ደግነቱ ለግዕዝ ፊደል አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የሚባል በነጻ የሚታደል ፎንት አለ። የወጣበት ፈቃድ ያንኑ የአበውን ልዩነት ይጠብቃል፤ ቅዳው፣ ለውጠው፣ አድለው፤ ሠሪው ለይቶ ያስቀመጠውን ስም ግን በለወጥከው ላይ አታኑር ይላል። መቅዳትና መፋቅ።

የሊኑክስን ፔንጉዊን ላሪ ዩዊንግ የሚባል ሰው ነው በ1996 የሣላት። ተጠቀሙባት፣ ለውጧት፤ ማን ሣላት ብሎ የጠየቀ ካለ ግን እኔን ጥቀሱ ነው ያለው። ስንቱ ኩባንያ፣ ስንቱ መጽሐፍ፣ ስንቱ ካናቴራ ላይ ወጥታለች። ሰውዬው የጠየቀው ብራና ጸሐፊው ከጠየቀው አይበልጥም፤ መታሰብ ብቻ። ሁሉም ስም እንዲህ ይለቀቅ አልልም። ፔንጉዊኗ ሥዕል ናት፤ ማንም ውስጧን አምኖ ኮምፒውተሩ ላይ አይጭናትም። የኡቡንቱ ክበብ ግን የሚታመን ዕቃ ላይ የተለጠፈ ነው። ብዙ የታመነ ስም ብዙ መጠበቅ አለበት፤ ብዙ የሚጠበቅ ስም ደግሞ ብዙ ሊጠየቅ ይገባዋል።

በ2022 የወዳጆች ክበብ አርማ እንደገና ተሣለ። ሦስቱ ሰዎች ግን አሁንም ክብ ሠርተው ቆመዋል። መልካም፤ ይቁሙ። ጆንያው ላይ ስሙን የጻፈ ሰው፣ እህሉ ውስጥ ነቀዝ ቢገኝ ወደ ማን እንደምንሄድ ነው የነገረን። ስንሄድ በሩን ከፍቶ ከሰማን ስሙን ይጠብቅ፤ እኛም አብረነው እንጠብቅለታለን። በሩን ከዘጋብን ግን እህሉን ይዘን፣ ሌላ ጆንያ ፈልገን፣ የራሳችንን ስም ጽፈንበት እንሄዳለን። ፈቃዱ እንደሆነ ከመጀመሪያው ተሰጥቶናል።